የነጭ ሽንኩርት ሽታ ከእጄ አልለቅ አለኝ፤ ምን ይሻላል?

የጓዳ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አማክሩኝ። ነጭ ሽንኩርት ከላጥኩ በኋላ እጄ እስከ ማግስቱ ይሸታል። በሳሙና ደጋግሜ እታጠባለሁ። ለጊዜው የጠፋ ይመስላል፤ እጄን ትንሽ ሲያልበኝ ግን ተመልሶ ይመጣል። ሥራዬ ከሰው ጋር ነው። እጅ እጨብጣለሁ፣ ወረቀት እቀባበላለሁ፣ ሰው አጠገቤ ይቀመጣል። በጣም ያሳቅቀኛል።

ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ አድርጌ አሸሁበት። ሽታው አልጠፋም፤ የጣቶቼ ጫፍ ግን ተሰነጣጥቆ ያቃጥለኛል። ዓሣም አልፎ አልፎ እሠራለሁ፤ የእሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መድኃኒቱ በብረት ማንኪያ ማሸት ነው የሚሉ አሉ። የሞከራችሁ፣ የምታውቁ፣ የሚሠራውን ከማይሠራው ለይታችሁ ንገሩኝ።

ቢላ ያዥ

እህቴ፣ መጀመሪያ ሎሚውንም ሶዳውንም ተዪው። የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሎሚ ሲያርፍ ሥቃይ ብቻ ነው ትርፉ። ደግሞም ቆዳ በተሰነጠቀ ቁጥር ጭማቂው ገብቶ የሚሸሸግበት ቦታ ይበዛል። ስንጥቁ እስኪድን ለስላሳ ሳሙና ተጠቀሚ፤ ማታ ማታ ቫዝሊን ተቀቢ።

እኔ ወጥ ቤት ነው የምሠራው። ሽንኩርት ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። ከልምድ የምነግርሽ፣ ዋናው ሥራ ያለው ከመታጠቡ በፊት ነው።

ነጭ ሽንኩርት ስትልጪ አውራ ጣትሽን ልብ ብለሽ እዪው። ቅርፊቱን የምትሰነጥቂው በጥፍርሽ ጫፍ ነው። የሚያጣብቀው ጭማቂ ጥፍርና ሥጋ በሚገናኙበት ቦታ ይገባና እዚያው ይደርቃል። አንዳንዴ ስስ የሆነ የቅርፊት ቁራጭም አብሮ ይሰነቀራል። መዳፍሽን ዐሥር ጊዜ ብታጥቢ እሱን አትነኪውም። ስለዚህ በጥፍር መቆፈሩን ተዪ። ፍሬዎቹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ንከሪያቸው፣ የሥር በኩሉን ጫፍ በቢላ ቁረጪው፣ ቅርፊቱ ራሱ ይላቀቃል።

ሌላው፣ ከመንካትሽ በፊት ጣቶችሽን ጠብታ የምግብ ዘይት አስነኪያቸው። ይህ ግን ለመላጥ ብቻ ነው። ስትከትፊ እጅሽ ዘይት ከነካው ቢላ ያንሸራትታል፤ እሱ ቀልድ አይደለም።

ሥራውን እንደጨረስሽ ወዲያው ታጠቢ። ሳይደርቅ። ምጣዱን ልጣድ፣ ይሄን ላንሳ፣ ያን ላስቀምጥ ስትዪ ነው የሚደርቅብሽ።

ጥያቄ አለኝ

እኔም ይሄው ችግር አለብኝ፤ ክሩን እየተከታተልኩ ነው። አንድ ነገር ግን አይገባኝም። ሳሙና ድስት ሙሉ ቅባት እያጠበ እንዴት የነጭ ሽንኩርት ሽታ ያቅተዋል?

የኬሚስትሪ መምህር

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ያልተነካ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ አፍንጫችሁ ስር ብታደርጉት ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ውስጡ አሊን የሚባል ሽታ የለሽ ንጥረ ነገር አለ። አሊኔዝ የሚባል ኤንዛይም ደግሞ ለብቻው፣ በሌላ ክፍል ተቀምጧል። ፍሬው ሲቆረጥ ወይም ሲጨፈለቅ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ይፈርስና ይገናኛሉ። በሰከንዶች ውስጥ አሊሲን ይፈጠራል። አፍንጫን የሚሰነፍጠው እሱ ነው። ሳይንቲስቶች አሊሲንን ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1944 ነው።

አሊሲን ብዙ አይቆይም። እየፈረሰ ወደ ሌሎች የሰልፈር ውሁዶች ይለወጣል። እጅ ላይ የሚከርመው ሽታ በአብዛኛው የእነዚህ ነው። ሁለት ጠባይ አላቸው። አንደኛ፣ ውሃ ውስጥ እንደ ነገሩ ነው የሚሟሙት፤ ቅባት ውስጥ ግን በደንብ ይሟሟሉ። የቆዳችን ገጽ ደግሞ የራሱ ቅባት አለው፣ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛ፣ የሰው አፍንጫ ለሰልፈር ሽታ እጅግ ስሱ ነው። ከቢሊዮን ክፍል አንዷ ክፍል እንኳ የምትሸት ዓይነት አለች። ስለዚህ ሳሙናው አብዛኛውን አውጥቶም የቀረችው ኢምንት ትሸታለች። ድስት ላይ ያችኑ ያህል ቅባት ቢቀር ማንም አያየውም።

የጓዳ ብርሃን፣ ሲያልብሽ ተመልሶ የሚመጣውም ከዚህ ነው። እርጥበቱና ሙቀቱ ቆዳና ጥፍር ስር የቀረውን ያስነሳዋል።

ከዚህ ተነስቼ የምመክርሽ ይህን ነው። ሳሙና ከመንካትሽ በፊት ደረቅ እጅሽን በትንሽ የምግብ ዘይት እሺው፤ ጣት ለጣት፣ ጥፍር ዙሪያ ሳይቀር። ዘይቱ የተጣበቀውን ይስበዋል። ከዚያ ውሃ ሳታስነኪ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪበትና እንደገና እሺ። በመጨረሻ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቂው። ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው ነገር። ውሃ ቀድሞ ከገባ ዘይቱ ሥራውን አይሠራም።

ጥያቄ አለኝ

መምህር፣ እናመሰግናለን። ታዲያ ሎሚውስ? ሁሉም ሰው ሎሚ ነው የሚለው።

የኬሚስትሪ መምህር

ለነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ ሽታው ከተፈጠረ በኋላ ሲደርስ ብዙም አይረዳም። የሰልፈር ውሁዶቹን አያፈርሳቸውም፤ በራሱ መዓዛ ይሸፍናቸዋል እንጂ። መዓዛው ሲተን የታችኛው ብቅ ይላል። አሲድ የሚጎዳው ኤንዛይሙን ነው፤ ኤንዛይሙ ደግሞ ሥራውን ጨርሷል።

ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ መቀላቀል ግን ከነጭራሹ መቅረት አለበት። አንዱ አሲድ ነው፣ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ፣ ቤዝ። ሲገናኙ አረፋ ያወጣሉ፤ አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሰው ሲንተከተክ ሲያየው ሽታውን እየነቀለው ይመስለዋል። እርስ በርሳቸው እየተጠፋፉ ነው። የሚቀረው ውሃና ጨው ነው።

ሙቀት ግን ኤንዛይሙን ይገድለዋል። ለዚህ ነው ከነቅርፊቱ ሙሉውን የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ጣዕሙ ለስላሳ የሚሆነው። ለምትሠሪው ምግብ የሚስማማ ከሆነ መጀመሪያ ከነቅርፊቱ አብስለሽ ኋላ ላጪው። እጅሽ ላይ የሚቀር ነገር አይኖርም ማለት ይቻላል።

ለስላሳ እጅ

ቆዳን በተመለከተ እኔም ልጨምር። ቆዳችን በተፈጥሮው ትንሽ አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5 አካባቢ ነው። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ ይወርዳል፣ ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ከ8 በላይ ነው። ጣትሽን በየቀኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትወስጂው መሰነጣጠቁ አይገርምም።

ሌላም አለ። ሎሚ የነካ እጅ ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ መዋል የለበትም። ጭማቂው ውስጥ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ነገር አለ፤ ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ ላይ በተለይ ይብሳል። ቃጠሎው ወዲያው አይታይም። ቀን አልፎ ይቀላል፣ ውሃ ሊቋጥር ይችላል፣ ከዳነም በኋላ ጥቁር ምልክቱ ለሳምንታት ይቆያል። ሎሚ ከተጠቀማችሁ በሳሙና ታጥባችሁ ውጡ።

የልጆች እናት

የኔ እህት፣ እኔ ማንኪያውን ነው የምልሽ። በቀዝቃዛ ውሃ ስር የብረት ማንኪያ ይዘሽ ጣትሽን ማሸት ነው። እኔ ቤት ሁሌም ይሠራል። በሳሙና ቅርጽ የተሠራ ብረትም ይሸጣል። ቀዝቃዛ ውሃው የቆዳን ቀዳዳ ይዘጋዋል፣ ሽታው እንዳይገባ።

የኬሚስትሪ መምህር

እናቴ፣ በቀዳዳው ነገር ልቃወምዎ። የቆዳ ቀዳዳ የሚከፍተውና የሚዘጋው ጡንቻ የለውም፤ ውሃ ሞቀም ቀዘቀዘም እንደዚያው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የሚጠቅመው ሽታው ቶሎ ተኖ አፍንጫ እንዳይሞላ ነው። ሳሙና ግን ለብ ባለ ውሃ የተሻለ ቅባት ያነሳል።

ስለ ማንኪያው የሚነገረው፣ ሰልፈሩ ከብረቱ ጋር ይጣበቅና ከቆዳው ይወጣል የሚል ነው። ሰልፈር ብረት ይወዳል፤ እሱ እውነት ነው። የማይዝግ ብረት ግን ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ እንዳይዝግ የሚያደርገውም እሱ ነው። ያ ሽፋን ባለበት ሰልፈሩ ለደቂቃ በማሸት ያን ያህል ይጣበቃል ብሎ መደምደም ይከብዳል። በሚፈስ ውሃ ስር ጣትን ማሸት ግን በራሱ ሽታ ይቀንሳል፤ ማንኪያ ተያዘም አልተያዘም።

ቤት ውስጥ መፈተን ቀላል ነው። አንድ የተቆረጠ ነጭ ሽንኩርት ሁለቱም እጆች ላይ እኩል እሹ። አንዱን በብረት ማንኪያ፣ ሌላውን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ማንኪያ፣ በአንድ ዓይነት ውሃ፣ ለእኩል ጊዜ አሹት። አድርቁት። ከዚያ የትኛው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያሽትት። ሌላ ቀን እጆቹን አቀያይራችሁ ድገሙት።

ጥያቄ አለኝ

አደረግነው! እህቴ ዓይኗን ጨፍና አሸተተች። መዳፌ ላይ ሁለቱም ቀንሷል፤ የቱ በብረት እንደታሸ መለየት አልቻለችም። የጣቶቼ ጫፍ ጋ ስትደርስ ግን ሁለቱንም «ይሄ ነጭ ሽንኩርት ነው» አለች። ቢላ ያዥ ያልከው የጥፍሩ ነገር ልክ ነው።

የልጆች እናት

ደስ ይላል። እኔ ማንኪያዬን አልተውም፤ የጥፍር ብሩሽ ግን እጨምርበታለሁ።

መረብ ጣይ

ስለ ዓሣ እኔ ልናገር፤ የነጭ ሽንኩርቱ ምክር ለዓሣ አይሆንም።

የባሕር ዓሣ ሰውነቱ ውስጥ ጨዋማውን ውሃ የሚቋቋምበት ሽታ የለሽ ነገር አለ። ዓሣው ከሞተ በኋላ ባክቴሪያ ያንን ወደ ትራይሜቲላሚን ይለውጠዋል። ዓሣ ዓሣ የሚለው እሱ ነው። ለዚህ ነው ገና የወጣ ዓሣ የማይሸተው። ትራይሜቲላሚን ቤዝ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሎሚም አቼቶም በትክክል ይሠራሉ። አሲዱ ወደማይተን ጨው ይለውጠዋል፣ ጨውን ደግሞ ውሃ ጠርጎ ይወስደዋል። ሽፋን አይደለም፤ ሽታው ራሱ ይጠፋል።

የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ከዚህ ነገር ብዙ የለውም። አንዳንዱ ጭቃ ጭቃ ይላል። ያ ጂኦስሚን ይባላል፣ ውሃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚሠሩት ነው። ዝናብ ሲመታው አፈር የሚሸተውም እሱ ነው። አሲድ ይህንንም ያፈርሰዋል።

አጠባቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ። ሙቅ ውሃ ካስቀደማችሁ የዓሣው ደምና ልጋግ እጅ ላይ ይረጋል፣ ሽታውንም ይዞ ይቀራል። ከዚያ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ወይም ትንሽ ሎሚ ጣት ላይ አሽቶ ትንሽ መቆየት። በመጨረሻ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ። ቅርፊት ስትፈቀፍቁ ጥፍር ስር የሚገባውን አትርሱ። እጅ የተሰነጠቀ ሰው ግን አቼቶውን ትቶ ጓንት ያድርግ።

የጓዳ ብርሃን

ይሄንን ማንም ነግሮኝ አያውቅም! እኔ ለሁሉም አንድ መድኃኒት ነበር የምፈልገው።

አዲስ ገቢ

በረኪና በውሃ አቅጥኖ እጅ መንከርስ? ሽታ ሁሉ ያጠፋል ሲባል ሰምቻለሁ።

ለስላሳ እጅ

አይሆንም። እባካችሁ ይህን ማንም አይሞክረው። በረኪና ቆዳን ይበላል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ደግሞ በጣም ያቃጥላል። ከሁሉ የከፋው፣ ሎሚ ወይም አቼቶ በነካው እጅ ላይ ወይም ሳህን ውስጥ ከገባ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። መርዝ ነው፣ ሳንባ ይጎዳል። በረኪና ለወለልና ለልብስ ነው። ለእጅ አይደለም።

የእጅ ማጽጃ አልኮልም ለሽታ መፍትሔ አይደለም። አልኮሉ ተኖ ይሄዳል፣ የሟሟው ነገር እዚያው ይቀራል። ቆዳውን ግን ያደርቀዋል።

ቢላ ያዥ

ስለ ጥፍር ብሩሽ ጥያቄ በውስጥ መስመር ስለመጣልኝ እዚሁ ልመልስ። ለስላሳ ይሁን። አሮጌ የጥርስ ብሩሽም ይሆናል። የጣቶቻችሁን ጫፍ ወደ መዳፍ አጠፍ አድርጉና ብሩሹን ከጥፍሩ ስር ወደ ውጪ አንቀሳቅሱት፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቆሻሻውን መግፋት ነው። ቆዳ ላይ ትንሽ ሻካራ ነገር የምትፈልጉ ከሆነ ስኳር በዘይት ይበቃል፣ ከጨው ይሻላል። ጨው ቁስል ካለ ያቃጥላል። የቡና አተላም አንዳንድ ሰው ይጠቀማል፤ ይፈገፍጋል፣ የራሱም መዓዛ አለው። ሲንክ ውስጥ ግን አትድፉት፣ ቧንቧ ይዘጋል።

የልጆች እናት

ቃሪያ ከከተፍኩ በኋላ ዓይኔን ነክቼ አለቀስኩ። እሱስ?

የኬሚስትሪ መምህር

የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ይባላል። ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ስለዚህ እጅዎ አልሸተተም ማለት ታጥቧል ማለት አይደለም። ውሃም አያነሳውም። እዚህም ያው ዘይት፣ ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ ውሃ ነው። የሚያሳስበኝ ልጅ የሚያጥቡ፣ ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው። ለቃሪያ ከመጀመሪያው ጓንት ይሻላል።

የጓዳ ብርሃን

ተመልሼ መጣሁ። ስንጥቁ ድኗል፤ ቫዝሊኑ ረድቶኛል። በዘይትና በሳሙና፣ ከዚያ በብሩሽ ነው የማደርገው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ግን አንዳንድ ቀን እጄን አጥቤ ካደረቅኩ በኋላ እንደገና ይሸተኛል። ምን ይሆን?

ቢላ ያዥ

ፎጣሽን አሽትቺው። ስፖንጅሽንም። አብዛኛውን ጊዜ እጅ ንጹሕ ሆኖ ፎጣው ነው መልሶ የሚያሸተው። ለእጅና ለዕቃ የተለያየ ፎጣ አድርጊ። የቢላ እጀታም እንደዚሁ፤ የእንጨት ከሆነ ጭማቂ ይጠጣል። የእንጨት መክተፊያን በተመለከተ፣ ለሽንኩርት አንዱን ለይቶ መያዝ ነው የሚያዋጣው።

የኬሚስትሪ መምህር

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው በላቡና በትንፋሹም ያወጣዋል። ሰውነት ቶሎ የማያፈርሰው አንድ የሰልፈር ውሁድ በደም ይዞርና ለሰዓታት ይወጣል። እጅሽ ብቻ ሳይሆን ክንድሽም የሚሸት ከሆነ መታጠብ አያጠፋውም፤ ጊዜ ነው የሚፈልገው።

ሁለተኛ፣ አፍንጫ ይለምዳል። ወጥ ቤት ውስጥ ቆይተሽ እጅሽን ብታሸቺ ንጹሕ ሊመስልሽ ይችላል። ውጪ ወጥተሽ፣ ትንሽ አየር ወስደሽ ነው ማሽተት። ወይም ሌላ ሰው ጠይቂ።

አዲስ ገቢ

ጓንት ምን ዓይነት ይሁን?

ለስላሳ እጅ

ናይትራይል፣ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ከላቴክሱ፣ ከተፈጥሮ ጎማው ይልቅ ዘይትን ይችላል፤ ላቴክስ አለርጂ የሆነባቸው ሰዎችም አሉ። ልክሽ የሆነውን ምረጪ፤ ሰፊ ከሆነ ቢላ ሲይዙበት ያስቸግራል። ስታወልቂ ከእጅ አንጓሽ ይዘሽ ውስጡን ወደ ውጪ ገልብጠሽ አውጪው፣ ውጪውን በባዶ እጅ እንዳትነኪ። ጓንት ያደረገ ሰውም ፊቱን እንዳይነካ፤ ጓንቱ ላይ ያለው ያው ጭማቂ ነው።

የጓዳ ብርሃን

ፎጣው ነበር! ቀየርኩት፣ ጠፋ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ቀረኝ። ቀለበቴ ስር ሁልጊዜ ትንሽ ይሸታል። የዕንቁ (የሉል) ፈርጥ አለው። በአቼቶ ብዘፈዝፈው ይጎዳል?

መረብ ጣይ

በፍጹም እንዳታደርጊው! ዕንቁ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ አሲድ ይበላዋል። ሎሚም አቼቶም አይንካው። ቤኪንግ ሶዳም ይፍቀዋል፣ ድምቀቱን ያጠፋዋል። ከማብሰልሽ በፊት አውልቀሽ አስቀምጪው። አሁን ያለውን ሽታ ግን ለስላሳ ሳሙና ባለው ለብ ያለ ውሃ ጨርቅ ነክረሽ ጥረጊ፤ ከውስጥ በኩል፣ ከጣትሽ ጋር የሚገናኘውን ብረት በጥጥ እንጨት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አድርቀሽ አየር ላይ ተዪው።